ቬኒስ ሄዶ የት ማደር? ማርጌራ ወይስ ደሴቷ

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ የመጡ ጊዜ የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ያቺን ውኃ ላይ የተሠራች ከተማ አሳየኝ።» የምኖረው ሙኒክ ነው። ቬኒስ ከዚያ በአውቶቡስ የአንድ ሌሊት መንገድ ናት። ሄድን። ለአንድ ጊዜ ነው ብዬ ኪሴን ጨክኜ መሀል ደሴቷ ላይ ክፍል ያዝኩ። የረሳሁት ሻንጣውን ነው። አክስቴ ከቬኒስ በሚላን አድርገው ወደ አገር ቤት ስለሚበሩ፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች አብረውን ነበሩ።

ቬኒስ ውስጥ መኪና የለም። ታክሲውም ጀልባ ነው፣ አምቡላንሱም ጀልባ ነው። ድልድዩ ደግሞ ከ400 በላይ ነው፤ አብዛኛውም በደረጃ ተወጥቶ በደረጃ የሚወረድ። አምስተኛው ላይ አክስቴ ቆሙ። ሻንጣውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ደብረ ዳሞ ለሴት አይፈቀድም ሲባል ተመስገን ብዬ ነበር። ለካ አንተ እዚህ ልታስወጣኝ ኖሯል!»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። አንዴ ከደሴቷ ማዶ የብሱ ላይ ባለው ማርጌራ አደርኩ፣ አንዴ ደሴቷ ላይ። አሁን ወዳጆች «የት እንያዝ?» ሲሉኝ መልሴ እንደ ሰዉ ይለያያል። ዋጋ ብቻ አይቶ መወሰን ግን ብዙ ሰው ሲያስቆጭ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሆቴል ስትፈልጉ «ቬኒስ» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ረከስ ብሎ የሚመጣው አብዛኛው ቦታ ደሴቷ ላይ አይደለም። ሜስትሬ ወይም ማርጌራ ነው። አጭበርብረውም አይደለም፤ ሁሉም በአንድ የቬኒስ ማዘጋጃ ቤት ሥር ነው ያለው። ሁለቱ የብሱ ላይ ናቸው፣ ከሜስትሬ ባቡር ጣቢያ ወዲህና ወዲያ። በእነሱና በደሴቷ መካከል ላጉና የሚሉት ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ አለ። በላዩ 4 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ድልድይ ተዘርግቷል። የባቡሩ በ1846 የተሠራ ነው፣ የመኪናው በ1933 (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን ደግሞ በእኛ ነው የምቆጥረው)። በባቡር ከሜስትሬ ደሴቷ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ባሕር ዳር አድሮ የጣና ገዳማትን በጀልባ ደርሶ እንደመመለስ አስቡት። እዚህ ግን ጀልባ እንኳ አያስፈልግም።

ማርጌራ የወደብና የፋብሪካ ሰፈር ነው። በ1917 ጁዜፔ ቮልፒ የሚባል ባለሀብት የጀመረው ነው። ሰውየው በኋላ የሙሶሊኒ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኗል። የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ለተዋንያን የሚሰጠው ዋንጫም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጭሱና መርከቡ እዚያ ማዶ ይሁን፣ ደሴቷ ውበቷን ይዛ ትቀመጥ። ከፋብሪካው ጀርባ ለሠራተኛው ዛፍ የበዛበት፣ ግቢ ግቢ ያለው መንደር ታቀደ። ዛሬ ሆቴሎቹና የሚከራዩት ክፍሎች ያሉት በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ወዳጆቼን የምጠይቃቸው ይህን ነው፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እና ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ምን ልታደርጉ ነው?

ቀን ቀን ደሴቷ የሁሉም ናት። ማርጌራ ያደረውም፣ ከመርከብ የወረደውም፣ ባለ አምስት ኮከቡም ሪያልቶ ድልድይ ላይ እኩል ይጋፋል። በ1951 ደሴቷ ላይ 175,000 ገደማ ሰው ይኖር ነበር። ዛሬ 50,000 አይሞላም። ሪያልቶ አጠገብ ያለ አንድ ፋርማሲ ከ2008 ጀምሮ የነዋሪውን ቁጥር መስኮቱ ላይ በመብራት ይለጥፋል፤ ቁጥሩ ሲወርድ እንጂ ሲወጣ የሚያየው የለም። ስለዚህ ቀን የምታዩት ሕዝብ እንግዳ ነው፣ ማታ ደግሞ ይሄዳል።

ደሴቷ ላይ ለሚያድር ሰው ነገሩ የሚጀምረው ያኔ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ጎዳናው የሰው ጫማ ድምፅ ብቻ ይሆናል። የሞተር ድምፅ የለም። ውኃው ድንጋዩን ሲልስ ይሰማል። ንጋት ላይ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ጀልባዎች ይመጣሉ፣ ከዚያ ሸቀጥ የጫኑት፣ ከዚያ ሪያልቶ የዓሣ ገበያ ይከፈታል። ለሆቴሉ የምትከፍሉት ተጨማሪ ገንዘብ የዚህ ሰዓት ዋጋ ነው። አልጋው ማርጌራም ያው አልጋ ነው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሰፋ ይላል።

ልጆች ይዛችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ዞራችሁ፣ 3 ሰዓት ላይ ድብን ብላችሁ የምትተኙ ከሆነ ያንን ሰዓት አትጠቀሙበትም። ለምን ትከፍሉታላችሁ?

ስለ ገንዘብ ከተነሳ የትራንስፖርቱን ሒሳብ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቫፖሬቶ ማለት የውኃ ላይ አውቶቡስ ነው፣ ፌርማታ አለው (ቃሉም ያው የእኛው ፌርማታ ነው)። የ75 ደቂቃ ትኬቱ ለእንግዳ 9 ዩሮ ከ50 ነው። ከማርጌራ ወይም ከሜስትሬ ደሴቷ ጫፍ ድረስ የሚያደርሰው አውቶቡስ ግን 1 ዩሮ ከ50 ነበር እኔ የከፈልኩት። አዩት ልዩነቱን? ውድ የሆነው ድልድዩን መሻገር አይደለም፤ ከተሻገሩ በኋላ ጀልባ ላይ መውጣት ነው። የ24 ሰዓት ትኬት 25 ዩሮ፣ የሦስት ቀኑ 45 ነው። ይህ ትኬት የየብሱን አውቶቡስና ትራምም ያካትታል። እሱን ከገዛችሁ ማርጌራ ማደራችሁ ለመንገድ ምንም አይጨምርባችሁም። እግረኛ ከሆናችሁ ደግሞ ጀልባውን ጭራሽ እርሱት። ደሴቷ ላይ ካለው ባቡር ጣቢያ እስከ ዋናው አደባባይ ሳን ማርኮ 40 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ከጠፋችሁ አንድ ሰዓት። ትጠፋላችሁ።

ጎንዶላ? በቀን ለ30 ደቂቃ 90 ዩሮ ነው፣ ማታ 110። አምስት ሆናችሁ ከተካፈላችሁ ያስኬዳል። ካልሆነ ትራጌቶ የሚባለው አለ፤ ትልቁን ቦይ ብቻ የሚያሻግር የጋራ ጎንዶላ ነው፣ 2 ዩሮ። ፎቶ ላይ ማን ያውቃል።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ይህችን ልብ በሉ። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ቬኒስ ለደርሶ መልስ እንግዳ የመግቢያ ክፍያ አውጥታለች። በተመረጡ የፈረንጆቹ ጸደይና በጋ ቀናት፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው የሚሠራው። መጀመሪያ 5 ዩሮ ነበር፤ በ2025 ዘግይቶ ለሚከፍል 10 ሆነ። በቬኒስ ማዘጋጃ ቤት ክልል የሚያድር ሰው አይከፍልም፤ ሆቴሉ ላይ የእንግዳ ግብር ስለሚከፍል። ማርጌራና ሜስትሬ ክልሉ ውስጥ ናቸው። ግን ነፃ መሆናችሁን ኢንተርኔት ላይ አስመዝግባችሁ ኮዱን መያዝ አለባችሁ። «ቬኒስ አጠገብ» የሚባለው ፓዶቫ፣ ትሬቪዞ፣ ሚራ ያለው ሆቴል ግን ከክልሉ ውጪ ነው። እዚያ ያደረ ይከፍላል። ጓደኛዬ 15 ዩሮ ቆጠብኩ ብሎ ሚራ ያዘ፣ ከዚያ ለአራት ሰው መግቢያ ከፈለ።

ጉልበት ላይ ልመለስ፣ ምክንያቱም ለእኛ ሰው ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። ቤተሰብ ይዘን ነው የምንጓዘው። ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ባዶ እጁንም አይመለስም። ደሴቷ ላይ ሻንጣ፣ የሕፃን ጋሪና የታመመ ጉልበት ሦስቱም ጠላት ናቸው። ደሴቷ ላይ መያዝ ካለባችሁ ከቫፖሬቶ ፌርማታ ድልድይ ሳትሻገሩ የሚደረስበት ክፍል ፈልጉ። አከራዩን በግልጽ ጠይቁት፦ «ከፌርማታው እስከ በሩ ስንት ድልድይ አለ? ሊፍት አለ?» አድራሻው አይረዳችሁም። ቤቶቹ የሚቆጠሩት በመንገድ ሳይሆን በክፍለ ከተማ ነው። ከተማዋ ስድስት ክፍል አላት፤ ቁጥሩ ሺዎች ውስጥ ይገባል፣ ጎረቤትህም ሌላ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ለአዲስ አበባ ልጅ ግን ይህ ብርቅ አይደለም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከጉድጓዱ በስተቀኝ» ብለው ሲነግሩኝ አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ፒያሳ የሚለውን ስም ደግሞ ስሙ። እኛ ከጣሊያን ወስደን ሰፈር ሰየምንበት። ቬኒስ ውስጥ ግን ፒያሳ የሚባለው የሳን ማርኮው ነው። ሌላው አደባባይ ሁሉ ካምፖ ይባላል፣ ሜዳ ማለት ነው። እውነትም ድሮ ሣር ነበረበት። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ካምፖ ያለበት ሰፈር ያዙ። ካስቴሎ ወይም ካናሬጆ ጥሩ ነው። ማታ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

በብርዱ ወራት ለምትሄዱ ስለ ውኃው ትንሽ። ከመስከረም ማለቂያ እስከ የካቲት ድረስ ባሕሩ ከፍ ብሎ ደሴቷ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በ1966 194 ሴንቲ ሜትር፣ በኅዳር 2019 ደግሞ 187 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ከጥቅምት 2020 ወዲህ ሞዜ የተባለው ግድብ ይሠራል። 78 የብረት በሮች ከባሕሩ ወለል ተነስተው የላጉናውን ሦስት መግቢያዎች ይዘጋሉ። ስለዚህ ያ ክፉ ጎርፍ የድሮውን ያህል አያስፈራም። ሳን ማርኮ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ግድቡ የማይዘጋበት ትንሽ ውኃም ይበቃዋል። ምድር ቤት ክፍል አትያዙ። ማርጌራ ላይ ይህ ጭንቀት የለም።

ግድቡ ሲነሳ ወደ ማርጌራ የሚገቡ መርከቦች ውጪ ቆመው ይጠብቃሉ። ደሴቷን የሚያድን በር ወደቡን ያስርባል። ጠቡ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የማርጌራ ፋብሪካዎች የከርሰ ምድር ውኃ ሲስቡ ደሴቷ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሰመጠች። ፓምፑ የቆመው በ1970ዎቹ ነው። ለነዳጅ መርከቦች የተቆፈረው ጥልቅ ቦይም የላጉናውን ደለል ወደ ባሕር ያስወጣል ተብሎ ይወቀሳል። በሌላ በኩል የደሴቷ ሰው ቤት ሲወደድበት የገባው የብሱ ላይ ነው። አስተናጋጁ፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ሱቅ ሻጩ ጠዋት በአውቶቡሱ ከእናንተ ጋር ይሻገራል። ማርጌራ ካደራችሁ ቬኒስን የሚያቆማት ማን እንደሆነ ከአውቶቡሱ ውስጥ ታያላችሁ። እኔን በጣም የማረከኝ ይሄ ነው፤ ምስል የለውም፣ ለፎቶ አይሆንም።

ማርጌራን ለማስዋብ ግን አልሞክርም። ከባድ መኪና አለ፣ ሽታም አንዳንድ ቀን አለ። ታሪኩም ያማል። የፔትሮኬሚካል ፋብሪካው ሠራተኛ የነበረው ጋብሪዬሌ ቦርቶሎዞ በቪኒል ክሎራይድ ጋዝ የታመሙና የሞቱ ባልደረቦቹን ስም አንድ በአንድ ሰብስቦ በ1994 ለዐቃቤ ሕግ አቀረበ። ችሎቱ በ1998 ተጀመረ፣ በ2001 ተከሳሾቹ በሙሉ ነፃ ወጡ፣ በ2004 በይግባኝ የተወሰኑ የቀድሞ ኃላፊዎች ጥፋተኛ ተባሉ። ቦርቶሎዞ ይህን ሳያይ ነው የሞተው። ዛሬ ብዙው ፋብሪካ ተዘግቷል። የመርከብ መሥሪያው ግን ይሠራል፤ እነዚያን ሕንፃ የሚያካክሉ የሽርሽር መርከቦች የሚገጣጥመው እሱ ነው። ከነሐሴ 2021 ወዲህ ትልልቆቹ መርከቦች በሳን ማርኮ ፊት ለፊት ማለፍ ስለተከለከሉ፣ ብዙዎቹ መንገደኛቸውን የሚያወርዱት እዚሁ ማርጌራ ነው። በመርከብ «ቬኒስ ወደብ» የሚል ትኬት የቆረጠ ሰው ወርዶ ክሬን ሲያይ ይደነግጣል።

ክፍል ስትይዙ ካርታው ላይ ፍራቴሊ ባንዲየራ የሚባለውን ትልቅ መንገድ ፈልጉ። ከሱ በስተምሥራቅ ፋብሪካ ነው፣ በስተምዕራብ መኖሪያ። በምዕራብ በኩል፣ ለሜስትሬ ጣቢያ በእግር የሚቀርበውን ያዙ። ሌሊትም አውቶቡስ ስላለ ማምሸት ይቻላል፤ ድግግሞሹ ግን ይሳሳል።

ምግብ ላይ የብሱ ያሸንፋል፣ ክርክር የለውም። ከጣቢያው ማዶ ቪያ ፒያቬ የሚባለው ጎዳና ላይ የባንግላዴሽ ሱቆች አሉ፤ ብዙዎቹ ባንግላዴሾች መርከብ መሥሪያው ውስጥ ይሠራሉ። ምስር፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ቅመም እዚያ ታገኛላችሁ። ማብሰያ ያለው ክፍል ከያዛችሁ ሽሮ ከሻንጣ፣ ቃሪያ ከቪያ ፒያቬ። ጾም ላይ ደሴቷ ውስጥ ከሆናችሁ ፒዛ ማሪናራ በሉ። ስሙ ባሕር ባሕር ቢልም ዓሣም አይብም የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት ነው። ቡና ቆማችሁ ጠጡ። ሳን ማርኮ አደባባይ ተቀምጦ መጠጣት፣ ሙዚቃ ካለ ለሙዚቃውም ጭምር መክፈል ነው።

ለእኛ ሰው ደሴቷ የምታዳላበት አንድ ነገር አለ። ነጋዴዎች በ828 ገደማ የቅዱስ ማርቆስን አፅም ከእስክንድርያ ወስደው ያመጡት እዚህ ነው። የሳን ማርኮ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ለሱ ነው። እስከ 1950ዎቹ ድረስ ጳጳስ ከመንበረ ማርቆስ ስታስመጣ ለኖረች አገር ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1968 ቬኒስ ከአፅሙ ከፍላ ለግብፅ ስትመልስ፣ ካይሮ ላይ አዲሱ የማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞችም በ1402 አራት ነብር ይዘው ቬኒስ ገብተዋል። አደባባዩ ላይ ባለው ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታም በ1450 ገደማ የተሠራ ነው። መነኩሴው ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ከአገሬው ካህናት እንደሰማ እዚያው ካርታው ላይ አስፍሯል። ካርታው ደቡብን ወደ ላይ ስላደረገ እኛ ከላይ ነን። ፊቱ ቆሜ ብዙ ቆየሁ።

እንግዲህ ማን የት ይያዝ? ሕፃን፣ ከባድ ሻንጣ ወይም ከሦስት ሌሊት በላይ ከሆነ ማርጌራ ወይም ሜስትሬ። በማግስቱ ወደ ሌላ ከተማ በባቡር ለምትቀጥሉም እንደዚያው። ሁለት ብቻ ሆናችሁ፣ አንድ ሌሊት ብቻ፣ በጀርባ ቦርሳ ከሆነ ደሴቷ፤ በርካሹ ወራት፣ ኅዳር ወይም ጥር ላይ። ለትምህርት የምትሄዱ ቤቱን የብሱ ላይ ፈልጉት። ተማሪው የሚያደርገው ያንኑ ነው።

አክስቴ ግን ሕጌን አፈረሱት። ለኪዳን መነሳት የለመዱ ሴት ናቸው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቀሰቀሱኝ። ነጠላቸውን አጣፉ፣ ወጣን። ሳን ማርኮ ላይ ሁለት ጠራጊዎችና እርግቦች ብቻ ነበሩ። አክስቴ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተሳልመው ቆሙ። ኋላ ለጠዋቱ ጸሎት በጎን ያለው በር ሲከፈት ገባን፤ ለጸሎት የሚገባ ትኬት አይጠየቅም። ወርቁን ቀና ብለው እያዩ ብዙ አልተናገሩም።

በሦስተኛው ቀን ሻንጣዎቹን ስንመልስ እንደገና አምስቱ ድልድዮች። ሜስትሬ ጣቢያ ስንደርስ ዕቃ ማስቀመጫውን አዩት፦ ለቀኑ ከፍሎ ሻንጣ የሚተውበት ቦታ። እኔ ከመጀመሪያውኑ ማሰብ ነበረብኝ። አክስቴ ሰሌዳውን አስነበቡኝ፣ ዋጋውን ጠየቁኝ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«በሚቀጥለው ሻንጣው እዚህ ይደር። እኔ እዚያ አድራለሁ።»